ታፈሰ ሽንት ቤት ጋ ወራጅ አለ

ታፈሰ ባጃጅ ተሳፍሮ የሚወርድበትን ቦታ በስሙ ጠርቶ አያውቅም። ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ገበያ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ «ታፈሰ ሽንት ቤት ጋ ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። ታፈሰ ግን «ከድልድዩ አለፍ በል» ይላል። ባጃጁ አለፍ ሲል «ትንሽ ጨምር» ይላል። ትንሽ ሲጨምርለት «እዚህ ጋ ይበቃል» ይላል። አንዴ አንዱ ሹፌር ግራ ገብቶት «ታፈሰ ሽንት ቤት ነው የሚሉት አባባ?» ቢለው፣ ዶፍ ዝናብ ላይ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሄደው።

ነገሩ የመጣው ከደግነቱ ነው። ታፈሰ እንደዚያ ነው የሚለው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ በገበያ ቀን ከሸኮ በኩል የሚመጣው ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ያለው ግቢው ውስጥ እየገባ እንሰቱ ሥር ሲቀመጥበት ጊዜ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ሲቆፍር ደግሞ ለይስሙላ አልነበረም። ቀዩን አፈር ወደ ላይ እየወረወረ ወረደ፣ ወረደ፣ መጨረሻ ላይ ሚስቱ ሸዋነሽ ምሳውን በገመድ ታወርድለት ነበር። አፉን በወፍራም ጠርብ ረበረበው፣ ግድግዳውን በጭቃ መረገው፣ ከላይ ቆርቆሮ አለበሰው። ያኔ መኖሪያ ቤቱ ገና ሣር ክዳን ነበር።

«ሰው ቆርቆሮ ሲያገኝ የሚያለብሰው ምኑን ነው?» አለች ሸዋነሽ።

«ለሕዝብ ነው» አላት።

ሕዝቡ ተጠቀመ፤ ያመሰገነ ግን የለም። ከቴፒ ቡና ጭነው የሚያልፉ የመኪና ረዳቶች «ታፈሰ ሽንት ቤት ጋ አቁምልኝ» ማለት ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ባጃጅ ሲመጣ ባጃጆቹ ስሙን ከነመንገዱ ተረከቡት። በሰው ስም የሚጠራ ሰፈር በየከተማው አለ፤ አንዱ ወፍጮ ተክሎ ይጠራበታል፣ አንዱ ጠጅ ቤት ከፍቶ ይጠራበታል። ለታፈሰ ሲደርስ ዕጣው ይህ ሆነ።

እሱንም ችሎት ነበር። እናቱ ያረፉ ጊዜ ግን የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ወልደአማኑኤል ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «የታፈሰ ሽንት ቤት እናት አርፈዋል፣ የታፈሰ ሽንት ቤት እናት አርፈዋል» ብሎ ለፈፈ። ለቀስተኛው ሰምቶ መጣ። አንድም ሰው አልሳቀ። ታፈሰን አንጀቱን የቆረጠው እሱ ነው፤ አለመሳቃቸው። ለሁሉም ደህና አነጋገር ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞት አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው የሞቱ ማስታወቂያ ነው። ተራው የደረሰ ዕለት ይህ ወልደአማኑኤል ጥሩንባውን ከአፉ አውርዶ ምን ሊል ነው?

ቂም የያዘበት ሰው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ዓባይነህ ነበር። ዓባይነህ ዛሬ ባለ ፎቅ ነው። ድሮ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ያዥ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን እንደተከናነበ ወደ ታፈሰ ቆርቆሮ ክዳን የሚሮጥ ጎረምሳ ነበር። ስንት ዓመት ገብቶ ሲወጣ አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ አላለም። ያሉት እናቱ እትዬ በየነች ናቸው። አንድ ጊዜ ከወገናቸው የተላከላቸውን በሶ በጣሳ ይዘው መጥተው «ታፈሰ ልጄ፣ አንተ ባትኖር እኛ ምን ይውጠን ነበር» አሉት። ታፈሰ በሶ አይወድም። ያን ግን ጨርሶ በላው።

ሚዛን ያዡ ሰብሳቢ ሆነ፣ ሰብሳቢው ነጋዴ ሆነ፣ ነጋዴው ፎቅ አማረው። የመንገድ ዳሩ ቦታ ለልማት ተፈልጓል ተባለና ከታፈሰ ግቢ የፊቱ ግማሽ ለዓባይነህ ሄደ፤ ለታፈሰ የኋላው ግማሽ ቀረለት። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አልተጠራም። ያልተጠራበትን ድግስ በአጥር ቀዳዳ አይቶ ጨረሰው።

መሠረቱ ሲቆፈር ግን እግዜር አየለት። ስካቫተሩ የድሮው ጉድጓድ ላይ ወጣና አንድ ጎኑን ይዞ ሰመጠ። ከተማው ሥራ ፈቶ መጣ። ዓባይነህ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የወረድከው?» አለው።

«ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር» አለ ታፈሰ።

ያንን ጉድጓድ ለመሙላት የገባው ድንጋይ አንድ ፎቅ ይወጣው ነበር ይባላል። ታፈሰ ይህን ወሬ አልረሳውም፤ ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ነው ሲሉት «ስድስት ነው፤ አንዱ ከታች ነው፣ የኔ ነው» ይላል።

ሕንፃው ያደገው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ቡና ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ፎቅ በአንድ ጥሩ ዓመት ብቅ አለ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ዋጋ ወደቀና ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ዛገ፤ ቁራ ጎጆ ሠራበት። ዓባይነህ ግድግዳ ባልወጣለት ወለል ላይ ቡና አሰጣ፤ የደረቀው ቡና ሦስተኛውን ፎቅ ሠራ። አራተኛው በአንድ ክረምት ሲወጣ አምስተኛው ሦስት ክረምት ጠበቀ። ሰማያዊው መስታወት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጅማ መንገድ ላይ አንዷ ተሰበረችና በምትኳ አረንጓዴ ገባባት፤ እስከ ዛሬ አለች፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ እንደ አንድ ዓይና ሰው ታፈጣለች። የታፈሰ እንሰት የጠዋት ፀሐይ ካጣ ያኔ ዓመታት ሆኖት ነበር።

ሁለት ሺህ ዘጠኝ ላይ አለቀ። አሳንሰር ገባለት፣ እብነ በረድ ተነጠፈለት፣ በየመኝታ ቤቱ ነጭ መጸዳጃ ተተከለለት። ግንባሩ ላይ በወርቃማ ፊደል «ሰሎሜ ፓላስ» ተጻፈበት፤ ሰሎሜ የዓባይነህ ልጅ ናት። በከተማችን የመጀመሪያው የቅንጦት መኖሪያ ነው ተብሎ ተለፈፈ፤ ተከራይ ግን ጠፋ። የሚከራየው ከሌላ አገር የመጣ ባለሥራ ነው፤ የባንክ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ። እነሱ ባጃጅ ይዘው «ሰሎሜ ፓላስ» ሲሉ ሹፌሩ «የት ነው እሱ?» ይላል። አንዲት ሳራ የምትባል የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ሦስተኛውን ፎቅ ዞራ ዓይታ፣ መጋረጃውን ሁሉ ለክታ፣ ስትወርድ ባጃጅ ጠርታ «ይህ ሰፈር ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። ሲነገራት ቁልፉን መለሰች። «እናቴ ደውላ የት ገባችሁ ስትለኝ ምን ልበላት?» አለች።

ዓባይነህ ለባጃጅ ነጂዎች «ሰሎሜ ፓላስ» የሚል ካናቴራ አሠርቶ አደለ። ካናቴራውን ለበሱና «ታፈሰ ሽንት ቤት፣ ታፈሰ ሽንት ቤት፣ አንድ ሰው የቀረው» እያሉ መጥራታቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት ኮፍያውን አውልቆ ታፈሰ ቤት ገባ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ እንደምን አሉ?»

ታፈሰ ዞር ብሎ ኋላውን አየ፤ ሌላ ታፈሰ የገባ መስሎት። ፎቁ መውጣት ከጀመረ ወዲህ «አንተ» ሲለው የኖረ ሰው ነው።

«ምን እግር ጣለህ?» አለው።

«ስለ ስሙ ነው ጋሼ።»

«የቱ ስም?»

«ያውቁታል እኮ።»

«አላውቅም። ንገረኝ።»

ዓባይነህ ሸዋነሽን አያትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስለ መጸዳጃው» አለ።

«ጠዋት ጠዋት ስትሮጥበት መጸዳጃ አልነበረም ስሙ» አለች ሸዋነሽ፣ በርጩማ እያቀረበች። «ይልቅ ቁጭ በል።»

ዓባይነህ ተቀምጦ ሐሳቡን አመጣ። በምረቃው ዕለት የሕንፃው ታሪክ ይነበባል። እዚያ ላይ፣ ከዞን የመጡ እንግዶች ባሉበት፣ ቦታው ቀድሞ የተከበሩ የአቶ ታፈሰ መኖሪያ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰሎሜ ከተባለ እሰየው፣ እንቢ ካለም ታፈሰ ብቻ ይባል፤ ያ የኋላው ቅጥያ ይቀርለት።

«ታፈሰ ብቻ?» አለ ታፈሰ።

«ታፈሰ ብቻ። ግን ያ ከኋላ የቆፈሩት አዲሱ ይዘጋ። ሰው ገብቶ እስከ ወጣ ድረስ ስሙ አይሞትም።»

እውነት ነበር። የመንገድ ዳሩ ከፈረሰ በኋላ ታፈሰ በኋላው ግማሽ ሌላ ቆፍሮ ነበር፤ ለቤቱ ብሎ። አላፊ አግዳሚው ግን አጥሩን ዞሮ አገኘው። ታፈሰ ወልደአማኑኤልን አሰበ፤ ጥሩንባው ሲነፋ፣ ከዚያ «አቶ ታፈሰ አርፈዋል» ሲል፣ ከዚያ ሌላ ምንም ሳይል ሲያልፍ። በማግስቱ ከገበያ ትልቁን ጓጉንቸር ገዝቶ በሩ ላይ አንጠለጠለው፤ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አሰረው።

«እኔስ?» አለች ሸዋነሽ።

«ስትፈልጊ ትጠይቂኛለሽ።»

«በስተርጅና ሽንት ላስፈቅድ?»

«እስከ ምረቃው ነው። የስሜ ነገር ነው፣ ሸዋነሽ።»

«ያንተን ስም ይዞ የተወለደው ሆዴ ነው እንዴ» ብላ ፈቃድ ጠየቀች።

የምረቃው ቀን ድንኳኑ በንጣፍ ድንጋዩ ላይ ተተከለ። መብራት ከሄደ ሰንብቷል። ዓባይነህ የተከራየው ጄኔሬተር ወይ አሳንሰሩን ያንቀሳቅሳል ወይ ውሃ ወደ ጣሪያው ታንከር ይገፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ዓባይነህ አሳንሰሩን መረጠ። እንግዶቹ በአሳንሰር ወጡ፣ በአሳንሰር ወረዱ፣ ያማራቸው ደግመው ወጡ። ከእንግዳው እኩሌታው የጸሎት ቤት ሰው ስለሆነ በቢራ ፋንታ የማሻ ማር ብርዝ በጆግ በጆግ ቀረበ። ብርዙ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ሙቅ ነበር። ማንም አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ አልቆመም።

ታፈሰ የሠርጉን ኮት ለብሶ መጣ። ወንበሩን ከድምፅ ማጉያው ኋላ አገኘው። ቂም ያዘ፤ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ግን ምንም ላለማለት ወሰነ።

ታሪኩን ያነበበው መምህር እንድርያስ ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ማጠር ግን አይወድም። ራእይ አለ፣ ትጋት አለ፣ ሌት ተቀን አለ። ሚዛን ያዥነቱን ዘለለው። ስካቫተሩንም ዘለለው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህ ውብ ሕንፃ ያረፈበት ቦታ ቀድሞ የተከበሩ የአቶ ታፈሰ» አለና ገጹን ለመገልበጥ ጣቱን ላሰ።

በዚያች የጣት መላስ ፋታ፣ ከድንኳኑ ኋላ ካናቴራቸውን ለብሰው የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች፣ ሳያስቡት፣ በአንድ አፍ፣ «ሽንት ቤት» አሉ።

ለተንኮል አልነበረም። እንደ አሜን ነው የወጣቸው። እንድርያስ «መኖሪያ ነበር» ብሎ ጨረሰ፤ የሰማው የለም። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ፤ የዞኑ እንግዳ እንኳን ብርዙን በአፍንጫቸው አወጡት። ታፈሰ ተነሣ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ማንንም ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ። በርጩማ አውጥቶ ከተቆለፈው በር ፊት ተቀመጠ። ድሮም በነዚህ ሰዎች ተስፋ አላደረገም ነበር፤ ማድረጉ ግን አሁን ገባው።

ብዙ አልቆየም፣ ዓባይነህ አጥሩን ዞሮ መጣ። አረማመዱ ያጠረ ነበር፤ ጉልበቱን ከጉልበቱ ሳያላቅቅ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ምኑን?»

«ጋሼ፣ ውሃ የለም። እላይ ያለው ሁሉ... ሊታይ አይችልም። እንግዶቹ ሁሉ ቆመዋል።»

«ስንት መጸዳጃ አለህ አንተ?»

«ሃያ።»

«ሃያ» አለ ታፈሰ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ እያገላበጠ። «ታዲያ ምን ልክፈትልህ? ስሙን ጥራው።»

«ሽንት ቤቱን።»

«የማንን?»

ዓባይነህ ዓይኑን ጨፈነ። «ታፈሰ ሽንት ቤት» አለ።

ታፈሰ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ስሙን ከባለፎቁ አፍ ሲሰማው ያው ነው፤ እንደ ወልደአማኑኤል ጥሩንባ ነው። ዛሬ ይህን በር ከከፈተ፣ ዞኑም ወረዳውም ባለበት፣ ስሙ በማኅተም ጸደቀ ማለት ነው፤ ሲሞት እንዲሁ ይለፈፋል። ዛሬ ቢጨክን ግን ሰዉ ያዝናል፣ ይሳደባል፣ ይረሳል፤ ቅጥያውም ከዓመታት በኋላ ይረግፍ ይሆናል።

«ዝጋ አልከኝ፣ ዘጋሁ» አለ። «ቃል ቃል ነው።»

ከዓባይነህ ኋላ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ክራቫት ያሰሩ፣ ነጠላ የለበሱ፣ ባለ ረጅም ታኮ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ሳራ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አቅፋለች። ወልደአማኑኤልም አለ፤ እግሩን አነባብሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። በመሀላቸው አንዲት አሮጊት በከዘራ እያሰሱ መንገድ አስከፈቱ። እትዬ በየነች ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በሩ ይቆለፍ አይቆለፍ አያዩም፤ ድርድሩንም የነገራቸው የለም።

«ታፈሰ ልጄ፣ አለህ? እዚያ መስታወት ቤት አስገብተው አንከራተቱኝ። ያንተ ይሻላል ብዬ መጣሁ።»

«አለሁ፣ እትዬ በየነች።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ገና ሳይከፈት።

ታፈሰ ክሩን ከአንገቱ አወለቀ። ጓጉንቸሩ አዲስ ስለሆነ ጠንክሮ ትንሽ አስቸገረው፤ ሰልፈኛው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እትዬ በየነችን በክንዳቸው ደግፎ አስገባቸው፣ በሩን ገጠመላቸው፣ ዞሮም ከበሩ ፊት ቆመ።

«ሽማግሌ ይቅደም» አለ። «ከዚያ እንግዳ። ባለቤት መጨረሻ።»

«ጋሼ፣ እኔ መቆም አልችልም» አለ ዓባይነህ።

«አሳንሰር ላይ ውጣና ጠብቅ።»

ዓባይነህ ከሰልፉ ጅራት ቆመ፣ አንዴ በዚህ እግሩ አንዴ በዚያ። ሸዋነሽ የእጅ ውሃ በጆግ ይዛ ታስታጥብ ነበር። የዞኑ እንግዳ ገብተው ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኖ፣ የታፈሰን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡና ተመልሰው ማይክራፎኑን ያዙ። «በዚህ አጋጣሚ የታፈሰ ሽንት ቤትን ባለቤት ከልብ ሳላመሰግን አላልፍም» ሲሉ እስከ ኋላው ግቢ ድረስ ተሰማ። ተጨበጨበ።

ሳራ ስትወጣ ቆም አለች። «ይቅርታ አባባ፣ ሁልጊዜ ክፍት ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሦስተኛውን ፎቅ ልንከራየው ነበር፤ ተውነው። እንዲህ ከሆነ ግን...» ብላ ወደ ሰማያዊው መስታወት ቀና አለች፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው፤ አስልታ ጨረሰች።

ወልደአማኑኤል ቀበቶውን እያጠበቀ ሲወጣ ታፈሰ እጅጌውን ያዘው። ዓመታት ያነቀውን ጥያቄ ሰው ፊት አወጣው።

«እኔ የሞትኩ ዕለት ምን ብለህ ነው የምትለፍፈው?»

ወልደአማኑኤል በሥራው ሲጠየቅ ቀልድ አያውቅም። አሰበበት።

«ታፈሰ አርፏል ብል፣ እድራችን ውስጥ ስንት ታፈሰ አለ? የቱ እንደሆንክ ሳያውቅ ማን ከእርሻው ይነሣል? የጎረቤትህ ሰውና ዘመድህ ይመጣል፣ እሱም ካልዘነበ። ሽንት ቤቱን ከጨመርኩ ግን...» እጁን ወደ መንገዱ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ሸኮ አቅጣጫ ዘረጋ። «የመኪና ረዳት ሳይቀር ይመጣልሃል። አንተ እንደፈለግክ። እንዳልል ከፈለግክ አልልም።»

ታፈሰ እጅጌውን ለቀቀው። የሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመው ዓባይነህ «ጋሼ፣ ተራዬ ደረሰ?» አለ።

«ግባ» አለው።

ሰሎሜ ፓላስ በመስከረም ሞላ። ለዓባይነህ የሚያከራይለት ሰው ስልክ ሲደወልለት «ታፈሰ ሽንት ቤት ያለበት ነው፤ ውሃ ቢጠፋ እንኳን አይቸገሩም» ማለት ለመደ። ዓባይነህ ከኋላ አጥሩ ላይ ትንሽ በር አስከፈተ፤ ለተከራይ ብቻ ተብሎ፣ ግን ራሱም ይመጣበታል። ሲመጣ «እርስዎ» ይላል። እግዜር ይስጥልኝ ያለበት ቀን ግን እስካሁን የለም፤ ታፈሰ እየጠበቀው ነው።

ጥቅምት ላይ ታፈሰ ከገበያ ሲመለስ ዝናብ ያዘውና ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ለአገሩ አዲስ ይመስላል፤ ጌጫ ከተማ ሲሠራ እንደነበር መንገድ ላይ አወራው።

«የት ነው የሚወርዱት አባባ?»

ታፈሰ «ከድልድዩ» ብሎ ጀመረ፣ ተወው። «ታፈሰ ሽንት ቤት» አለ።

«አውቃታለሁ። ጠዋትም እዚያው ነበርኩ፤ አወጣኝ ያ ቤት። ሰውዬውን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ደህና ሰው ነው። ማንም አያመሰግነውም እንጂ።»

«ሲያገኙት አመሰግናለሁ ብሏል በሉልኝ እሺ» አለ ሹፌሩ፣ ዳር ይዞ እያቆመ።

«እነግረዋለሁ» አለ ታፈሰ። ወርዶ በሩን ገጠመለት። ቤቱ እስኪገባ ድረስ ግን፣ ለምን ራሱ መጥቶ አይነግረኝም እያለ ሄደ።